7.50 ወይስ 8.25፤ የአንድ አይሱዙ የኋላ ጎማ ጉዳይ

ባለመኪናው ወደ ጋራዣችን ሲመጣ ምክር ፈልጎ አልነበረም፤ ገዝቶ ጨርሶ ነበር። ከኤን ፒ አር አይሱዙው ላይ ጥርሳቸው ያልተነካ ሁለት 8.25-16 ጎማዎች አወረደና «እነዚህን የኋላ ግራ ላይ እሰርልኝ፤ ከተስማሙ የቀሩትን በሚቀጥለው ሳምንት አመጣለሁ» አለኝ። መኪናው በስድስቱም እግሩ፣ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ፣ የሚሄደው በ7.50-16 ነው። (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ የቸርኬው፣ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በኢንች።) ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እኔ የለሁበትም» አለ። መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ እንደመጡ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ይህ ክርክር አዳማ ውስጥ በየጎሚስታው ደጅ አለ። ከወንጂ ማዞሪያ ጀምሮ እስከ አሰላ መውጫ ድረስ ቆም ብለህ ብትሰማ፣ አንዱ «ሰፊ ጎማ አስረህ ተገላገል» ሲል ሌላው «አቦ፣ ፋብሪካው ካንተ ያውቃል» ይላል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው ጮክ ብሎ በተናገረው ሰው አሸናፊነት ነው። የዚህን መኪና ጉዳይ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ለካነው፣ መዘንነው፣ ጭነን ሞከርነው። ለዚህ ነው ከነቁጥሩ ለመጻፍ የተነሳሁት።

መኪናው ምን ይሠራል

ከኅዳር እስከ የካቲት ከኢተያ፣ ከጎንዴና ከሁሩታ ገጠር ስንዴ እየሰበሰበ አዳማ ዱቄት ፋብሪካ ያራግፋል። በቀረው ጊዜ ከመልካሳና ከዴራ ዙሪያ፣ አዋሽን ይዘው ከተዘረጉ የመስኖ ማሳዎች ሽንኩርት ያነሳል። አዳማና አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ዳገቱ ግን ቀላል አይደለም። ከ1600 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2400 ሜትር ይወጣል። ስለዚህ መኪናው ባዶውን ይወጣና ሞልቶ ይወርዳል፤ ማዳበሪያና ሲሚንቶ ሲያገኝ ደግሞ ሞልቶም ይወጣል።

ባለመኪናው ሦስት ብሶት ነበረው። ሐምሌ ላይ ከኢተያ ወጣ ብሎ ኮትቻ፣ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር፣ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን ቆሟል። መስከረም ላይ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ እስከ ዲፈረንሻሉ ሰጥሞ በትራክተር ተጎትቶ ወጥቷል። የካቲት ላይ ደግሞ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከዴራ ወደ አዳማ ሲመጣ የኋላ ቀኝ የውጭው ጎማ ፈንድቶበታል። ሻሸመኔ ያለ የአጎቱ ልጅ 8.25 አስሮ ሦስቱንም እንደረሳ ነግሮታል። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ አይሰምጥም፣ ጭነትም ይችላል፣ አይፈነዳምም። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ስትሰማው ደግሞ ያሳምናል።

ሾፌሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሳቸው መቃወሚያ አንድ ብቻ ነበር፦ «መኪናው ከፍ ይላል፣ ጉልበቱን ይበላዋል። ጎንዴን ጭነት ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።»

መጀመሪያ የነበረውን ጎማ አየን

አዲሱን ከማሰራችን በፊት አሮጌው ምን ሆኖ እንደሞተ ማወቅ አለብን ብዬ ባለመኪናውን አሳመንኩት። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ጎማዎቹ ከበረዱ በኋላ፣ አየራቸውን ለካን። የኋላ የውጭዎቹ 95 እና 92 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነበሩ። የውስጦቹ 60 እና 55።

ረዳቱን ጎማ እንዴት እንደሚያይ ጠየቅሁት። ብረት አንስቶ የውጭውን መታ፤ ድዝ አለ። የውስጡንስ? እጁ ስለማይደርስ ብረቱን አሾልኮ ነካ ነካ አደረገው። ቫልቩ ወደ ውስጥ የዞረ ስለሆነ ጎሚስታውም ሲነፋ የሚነፋው የውጭውን ብቻ ነው፤ የውስጡን ለመንፋት ወይ የውጭው ይፈታል ወይ ሰው ከሥር ይገባል። ማን ይገባል!

ፍንዳታው ከዚህ ነው የመጣው። ጥንድ ጎማ ጭነቱን እኩል የሚካፈለው ቁመታቸው እኩል ሲሆን ነው። አየር ያነሰው ይረግባል፤ ጓደኛው የሱንም ድርሻ ይሸከማል። የረገበው ደግሞ በዞረ ቁጥር ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ ትከሻው ይበላል። የዚህ መኪና የውስጥ ጎማዎች ሁለቱም ትከሻቸው ተልጦ መሀላቸው ገና ጥርስ ነበረው፤ ይህ የአየር እጥረት ፊርማ ነው። የካቲት ላይ የፈነዳው ጎማ እንግዲህ ለሁለት ሲሠራ የኖረ ነበር። ባለመኪናው ይህን ስነግረው «እና አሁን ጥፋቱ የረዳቱ ነው?» አለ። የማንም ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ ይህን መኪና ዘይት ስቀይርለት የውስጡን ለክቼ አላውቅም ነበር።

ሚዛን

ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣነው። ዱቄት ፋብሪካው ደጅ ያለው ሚዛን ረጅም ስለሆነ መጀመሪያ መኪናውን ሙሉ፣ ቀጥሎ የኋላ እግሩን ብቻ አቁመን መዘንን። ባዶው 3 ቶን ሆነ። እንደተለመደው 55 ኩንታል ስንዴ ሲጫን ጠቅላላው 8.5 ቶን፣ ከዚያ ውስጥ የኋላው 6.1 ቶን መጣ።

ባለ 14 ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ ነው) ራዲያል 7.50-16 ጎኑ ላይ 122/118 የሚል ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ለብቻው ሲታሰር ነው፤ 1500 ኪሎ። ሁለተኛው በጥንድ ሲታሰር፤ 1320 ኪሎ። ይህም 110 ፒ ኤስ አይ ገደማ አየር ሲኖረው እንጂ 60 ሲኖረው አይደለም። አራቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ 5280 ኪሎ ይችላሉ ማለት ነው። እኛ የጫንባቸው 6100።

ባለመኪናው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «ይኸው! 8.25ቱ ስንት ይችላል?» አለኝ። ባለ 16 ፕላዩ 128/124 ነው፤ በጥንድ 1600 ኪሎ፣ አራቱ 6400። ሒሳቡን በጣቱ ቆጥሮ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ እኔም ተንገዳገድኩ። በወረቀት ላይ ካየኸው ትክክል እሱ ነበር፤ ጎማው አልችል ያለውን ጭነት የሚችል ጎማ ገዝቷል።

ሊብሬውን አምጣ አልኩት። የተጻፈው 45 ኩንታል ነው። ጎማ ስትቀይር ባሌስትራው፣ ፍሬኑ፣ አክሱሉ፣ ሊብሬውም አይቀየሩም። ከጎንዴ ቁልቁል 55 ኩንታል ይዞ የሚወርደውን መኪና የሚያቆመው ያው ለ45 የተሠራው ፍሬን ነው፤ ጎማው ሲተልቅ ደግሞ ያው ፍሬን የሚታገለው ክብ ይተልቅበታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋቢናው ወረዱ።

በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለው ክፍተት

ክርክሩን የቆረጠው ግን ፍሬኑም ሊብሬውም አይደለም፤ ሜትር ነው።

በጥንድ የታሰሩ ጎማዎች መሀል ለመሀል ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚወስነው ጎማው ሳይሆን ቸርኬው ነው። አለካኩ ቀላል ነው፦ ከውስጡ ጎማ የውጭ ጠርዝ እስከ ውጭው ጎማ የውጭ ጠርዝ ትለካለህ። በዚህ መኪና 25.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። 7.50ው ሲነፋ ወርዱ 21.5 ሴንቲ ያህል ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ መሀል 4 ሴንቲ የሚጠጋ ክፍተት ይተርፋል። 8.25ቱ 23.5 ያህል ነው፤ ክፍተቱ ወደ 2 ሴንቲ ይወርዳል። ይህ ባዶውን ነው። ጭነት ሲያርፍበት ጎማው ከታች በኩል ሆዱን ይነፋል፤ ሁለቱም ወደ መሀል ይነፋሉ። ለ8.25-16 ጥንድ የሚጠየቀው የመሀል ርቀት 27 ሴንቲ ግድም ነው፤ እኛ 25.4 ነው ያለን።

ባለመኪናው ቁጥር አልበቃው አለ። «የአጎቴ ልጅ ያንኑ አስሮ ይሄው እየሠራ አይደል?» አለ። የአጎቱ ልጅ መኪና ቸርኬው ምን እንደሆነ ማንም አልለካም፤ አይሱዙ ሁሉ ቸርኬው አንድ አይደለም። ቢሆንም ሞክረን እንየው አልን።

ሁለቱን 8.25 የኋላ ግራ ላይ አሰርናቸው፤ 110 ፒ ኤስ አይ ነፋናቸው። ከማሰራችን በፊት ፊት ለፊት የሚተያዩትን ጎኖቻቸውን በነጭ ኖራ ቀባን። ከዚያ 55 ኩንታሉን እንደጫነ በዱቄት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሦስት ዙር በዝግታ ዞረ። (አስፋልት ላይ አላወጣነውም። በግራ ትልቅ፣ በቀኝ ትንሽ ጎማ ታስሮ ሲሄድ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድም ላይ እየተሽከረከረ ይሠራል፤ ለሙከራ ካልሆነ በቀር አይደረግም።) ቆሞ ሳለ ከታች በኩል ትንሿን ጣቴን አስገባሁ፤ በጭንቅ ገባች። ስንፈታው ኖራው በሁለቱም ጎማ ላይ ዙሪያውን፣ ሁለት ጣት በሚያህል ወርድ፣ ተፍቆ ነበር። ግቢው ውስጥ ሲዞርና ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ነው መሰለኝ የተነካካው።

ጎማ ከጎማ ጋር ሲፋቅ ይግላል፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። በዚያ ክፍተት ውስጥ የአሰላ መንገድ ጠጠር ሲገባበት ደግሞ አስበው። ጎማው የሚቃጠልበትም ጊዜ አለ። ጎሚስታው ኖራውን እያየ «ተሳሳሙ» አለ፤ ነገሩ አለቀ።

ማለቁን ያልተቀበለ አንድ ሰው ነበር፤ ራሱ ጎሚስታው። ቶርኖ ቤት 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቀለበት አስቆርጠን በሁለቱ ቸርኬዎች መሀል እናስገባ አለ። ይህን አዳማ ውስጥ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ተቃውሜያለሁም። ቀለበቱ የገባውን ያህል ቡሎኑ ያጥራል፤ ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ የሚይዘው ጥርስ ይቀንሳል። የውጭው ጎማ ወደ ውጭ ሲገፋም ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ለ8.25 የተሠራ ሰፋ ያለ ቸርኬ ከነርቀቱ መግዛት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ግን ለስድስት እግርና ለስኮርታው ሰባት ቸርኬ፣ ሰባት ጎማ፣ ሰባት ከመነዳሪ ከነፍላፑ (በቸርኬውና በከመነዳሪው መሀል ከሚገባው ላስቲክ ጋር) ማለት ነው። ባለመኪናው ሒሳቡን ሰምቶ ዝም አለ።

ፊት ላይም ሞከርን፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። 8.25ቱን የፊት ግራ ላይ አስረን መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ነካ። አበቃ።

የጭቃው ነገር

ባለመኪናው በጣም ያመነበት ይህንን ነበርና ትንሽ ልቆይበት። ሰፊ ጎማ በራሱ መሬት ላይ ብዙ ቦታ አይዝም። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው አየሩ ነው፤ 110 ፒ ኤስ አይ ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 7.7 ኪሎ ነው። 1300 ኪሎ የሚሸከም ጎማ እንግዲህ መሬቱን የሚነካበት ቦታ ወደ 170 ካሬ ሴንቲ ነው፤ የአንድ ትልቅ ሰው መዳፍ ከነጣቱ ብትለው ነው። ጎማውን አስፍተህ ያንኑ አየር ከሞላህ መዳፉ ቅርጹ ይቀየራል፣ አጥሮ ይሰፋል እንጂ ብዙም አይጨምርም። የሰፊ ጎማ ጥቅሙ አየሩን ቀንሰህም ያንኑ ጭነት መያዙ ነው። አየሩን ካልቀነስክ የከፈልክበትን አልተጠቀምክም።

ከዚህ ሌላ የሰመጠባቸው ሁለት ቦታዎች ባሕርያቸው አንድ አልነበረም። ከኢተያ ወጣ ብሎ ያለው ኮትቻ፣ ዝናብ ሲመታው ላዩ እንደ ሊጥ ይሆንና ሥሩ ገና ደረቅ ነው። እዚያ ላይ ጠባብ ጎማ ይሻላል፤ ሊጡን ቆርጦ ጠንካራው ላይ ይደርሳል። ሰፊው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። መኪናው እዚያ የቆመው ጎማው ጠባብ ስለሆነ ሳይሆን የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያላቸው፣ ያውም ያለቁ ስለነበሩ ነው፤ ጭቃው መስመሩን ሞልቶት ጎማው ልሙጥ ሆኗል። ሽንኩርት ማሳው ግን ሥር የለውም፤ ሌሊቱን ውሃ የጠጣ መሬት ነው። እዚያ ሰፊና አየሩ የቀነሰ ጎማ ሊረዳ ይችላል። 8.5 ቶን ይዞ ግን? ጋሼ እዚህ ላይ የሰጡት መልስ ከኔ ማብራሪያ ይበልጣል፦ «ማሳ ውስጥ ማን ግባ አለን? ጋሪ የለም?» ከማሳው እስከ ጥርጊያው ሦስት መቶ ሜትር ነው። በአህያ ጋሪ ይወጣል። መስከረም ላይ ያልወጣው ለጋሪው ላለመክፈል ነበር፤ ለትራክተሩ ተከፈለ።

ስለ ዳገቱም ጋሼ ትክክል ነበሩ። 7.50ው ቁመቱ 80.5 ሴንቲ፣ 8.25ቱ 85.5 ገደማ ነው፤ ስድስት በመቶ ይረዝማል። ጎማው በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ የሚገፋው ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን አንደኛ ይጠይቃል። ቆጣሪውም ይዋሻል፤ 80 ሲያሳይህ እየሄድክ ያለኸው 85 ነው።

የወሰንነው

መኪናው በ7.50-16 ቀረ። ለኋላ አራት ተመሳሳይ አዳዲስ ጎማዎች ተገዙ፤ ጎናቸው ላይ የሚቆፍር፣ ጭቃ የሚተፋ ጥርስ ያላቸው። ለፊት ባለመስመሮቹ ቆዩ፤ መሪ የሚታዘዘው በነሱ ነው። ባለመኪናው «ሁለት አዲስ በውጭ፣ ሁለት ደህና አሮጌ በውስጥ ብናደርግስ?» ብሎ ነበር። በዚህ መጠን ጎማ በጥንዶቹ መሀል የሚፈቀደው የቁመት ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዙሪያውን በሜትር ስትለካው 2 ሴንቲ የማይሞላ ማለት ነው። የሱ አሮጌዎች ሲለኩ ልዩነቱ የዚያ ሁለት እጥፍ ነበር። እንደገና አንዱ ለሁለት ሊሠራ ነው።

ለውስጦቹ ቫልቭ ማራዘሚያ ተገጠመላቸው፤ አሁን ረዳቱ ቆሞ ይለካል። ጌጅ ተገዛ። ደንቡ ጠዋት በብርድ 110 ነው፤ ሞቆ ሲጨምር አይተነፍስም። በዚህ ግፊት ላይ ሙቀት አሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አራት ፒ ኤስ አይ ያህል ይጨምራልና፣ አዳማ ከሰዓት በኋላ 120 ቢያሳይ አትደንግጥ። ብዙ ሾፌር እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ያስተነፍሰዋል፣ ሌሊት ሲበርድ ከ110 በታች ሆኖ ያድራል።

ጭነቱን በተመለከተ 45 ኩንታል ብለን ተስማማን። መዘንነው፤ ጠቅላላው 7.5፣ የኋላው 5.2 ቶን፣ ለአንድ ጎማ 1300 ኪሎ መጣ። ልክ ከወሰኑ ሥር። ባለመኪናው በየጉዞው አሥር ኩንታል መቅረቱ አንጀቱን በልቶታል፤ አልደብቅም፣ ስንዴ በሚበዛበት በታኅሣሥ 50 እንደጫነ ከጋሼ ሰምቻለሁ። ደውዬ ብቆጣው «ወንድሜ፣ አንተ ጎማውን ነው የምታየው፤ እኔ የባንኩን ቀን ነው የማየው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ክረምቱን አንድ ጊዜ ቆሟል፤ እዚያው ኢተያ። ረዳቱ ድንጋይ ከጎማው ሥር ደርድሮ በሃያ ደቂቃ ወጡ። ፍንዳታ እስካሁን የለም። ባለፈው ሳምንት ሲመጣ ለካሁት፤ የውጭዎቹ 108 እና 110፣ የውስጦቹ 107 እና 109። ጋሼ ጌጁን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አስረውታል፤ ረዳቱ እንኳ ሳያስፈቅድ አይነካውም።

ሁለቱ 8.25 ዛሬም ጋራዣችን ውስጥ ናቸው። ገዢ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባለመኪናው በኪሳራ አልሸጥም አለ፤ ከፍ ያለ መኪና ስገዛ አስራቸዋለሁ ይላል። አንዱን በሌላው ላይ ደርበናቸዋል፤ ከላይ ጣውላ ተደርጎባቸዋል። ጋሼ መኪናው ሲታይ እሱ ላይ ተቀምጠው ነው ቡና የሚጠጡት።